ስለ አምስት ኩንታል ሽንኩርትና ስለ ባለቤቴ መቀመጫ

ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ ፫ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ፣ ከከተማችን በስተሰሜን ለሚገኘው ኬላ ኃላፊ
በዛፉ ጥላ ሥር

ክቡር ጓድ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህ የሮቢት ሙቀት ለሕዝብ የሚያስበውን ጭንቅላትዎን ሳይነካው፣ ጥላውም ከወንበርዎ ሳይሸሽ፣ በሙሉ ጤንነት ይሰነብቱ ዘንድ እመኛለሁ። እኔ የውኃ ፓምፕ ጠጋኙ ነጅሙዲን ከቢር ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ምግብ አልወርድልህ ቢለኝም በእግሬ ቆሜአለሁ። ደብዳቤዬን በመናኸሪያው ግንብ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ «በጽሑፍ አቅርብ» ተባልኩ፤ በጽሑፍ ሳቀርብ ደግሞ ተቀባዩ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ግንቡ ስብሰባ ስለሌለበት እርሱን መረጥሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ መንገደኛ ሲባል ትንሽ ላስረዳ። እኔና አራት ወዳጆቼ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ጣሪያቸው የሚከፈት፣ ድሮ ጣልያኖችና ግሪኮች ትተዋቸው የሄዱ የስፖርት መኪኖች አሉን። መለዋወጫቸው ከገበያ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል፤ የእኔ ቀይዋ የምትሄደው በውኃ ፓምፕ ቺንጋ ነው። በዓመት አንድ እሑድ፣ የቤንዚን ኩፖናችንን ለወራት አጠራቅመን፣ ከየከተማችን ሮቢት ላይ እንገናኝና ከሚስቶቻችን ጋር ካራቆሬ አጠገብ ወዳለ ወንዝ ዳር ለሽርሽር እንወርዳለን። የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ እንዳይለያየን ምሳችን ሁልጊዜ ዓሣና ምስር ነው፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። ወንጀላችን ይኸው ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ/ ግንቦት ፯ ቀን በኬላዎ ፊት አራት ሰዓት ሙሉ በፀሐይ እንድንቆም ስላደረጉን ከልብ አመሰግናለሁ። በፊታችን ጥጥ የጫኑ ካሚዮኖችና ሦስት አውቶቡሶች ነበሩ። ጨው የጫኑ አርባ ያህል ግመሎች ግን በጎናችን እያዘገሙ አለፉ፤ ታርጋ ስለሌላቸው አይመዘገቡም። የግመል ነጂዎቹ የሐዘኔታ አስተያየት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከደብረ ብርሃን የመጣው አቶ አሰፋ፣ ደገኛ ነውና፣ ሙቀቱን አልቻለም፤ እርጥብ ፎጣ ራሱ ላይ ቢጠመጥም ጥበቃዎችዎ ሐጂ መስሏቸው ቆመው ሰላም አሉት። አሰፋ የሰንበት ማኅበር ጸሐፊ ነው።

፪ኛ/ ተራችን ሲደርስ በገዛ እጅዎ ስለመዘገቡን አመሰግናለሁ። የዚያ ወር ቅጽ ሦስት ዓምዶች ብቻ ነበሩት፦ የመንግሥት፣ የሕዝብ ማመላለሻና የጭነት። የቤት መኪና የሚለው ዓምድ ሳይታተም ቀርቷል። መኪናዎቻችን የመንግሥት አልነበሩም፤ በሁለት መቀመጫም ሕዝብ አይመላለስም። ስለዚህ በረጅም ጥሞና አስበው «የጭነት» ብለው ጻፉን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ የሚያሙዎትን ሁሉ፣ የወረቀቱ ነገር ነው እያልሁ አስተባብያለሁ።

፫ኛ/ ጭነት ከሆንን ዘንዳ ባዶአችንን ማለፍ አንችልም። ባዶ የጭነት መኪና ወደ ሰሜን እንዳያልፍ የሚያዝዝ ሰርኩላር አለ፤ በኬላው አጠገብም የገበሬ ማኅበሩ ሽንኩርት መኪና አጥቶ ተከምሯል። ለእያንዳንዳችን አንድ ኩንታል ደረሰን። የመኪናዬ የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ትርፍ ጎማ እንኳ በግድ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ኩንታሉ በሚስቶቻችን መቀመጫ እንዲጫን አዘዙ። የጭነት መኪና ሰው መጫን ስለማይፈቀድለት ሚስቶቻችን ወረዱ። የኔይቱ ሙሀባ ለዚያ ቀን ብላ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ነበር። ሽንኩርቱ እንዳይወድቅ ስለሰጡን ገመድ የተለየ ምስጋና አቀርባለሁ፤ ለሙሀባ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አድርጌላት አላውቅም።

፬ኛ/ ካራቆሬ ስንደርስ ሽንኩርቱን የሚረከበው የማኅበሩ መጋዘን ተዘግቷል፤ እሑድ ነው። አምስት ወንዶችና አምስት ኩንታል ሽንኩርት ወንዝ ዳር ተቀምጠን ተያየን። ምሳው ከሚስቶቻችን ጋር ኬላ ቀርቷል። ሽንኩርቱ የሕዝብ ንብረት ነውና አንዲት ራስ አልነካንም። ስንመለስ ያንኑ ሽንኩርት ከሰሜን እንደመጣ አዲስ ጭነት መዘገቡልን፤ ከሳምንት በኋላም «ዐሥር ኩንታል በማጓጓዝ ለፈጸማችሁት ተጋድሎ» የሚል ባለ ማኅተም የምስጋና ወረቀት ለአምስታችንም ደረሰን። የእኔውን ጋራዤ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ ደንበኞች ምን ዓይነት ካሚዮን እንዳለኝ ይጠይቁኛል።

፭ኛ/ ይህኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

የአራቱ ወዳጆቼ ሚስቶች ዓሣውን ዛፍዎ ሥር በልተው፣ ስቀውብን፣ ይቅር ብለውናል። ሙሀባ አልሳቀችም። የሚገርመው፣ እርስዎን በአንዲት ቃል አልወቀሰችም። ቤት ስንገባ ያለችኝ ይህ ነው፦ «እሱስ መንግሥት ነው፣ ያዘዙትን ይሠራል። ሽንኩርቱን በእኔ ቦታ ጭነህ ሞተር ያስነሣኸው ግን አንተ ነህ። ዞር ብለህ እንኳ አላየኸኝም፤ ወላሂ ከዚያች መኪና ሁለተኛ አልቀመጥም።» በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ በአውቶቡስ ካራቆሬ፣ ወንድሟ በድሩ ቤት ገባች። አውቶቡሱ በሕዝብ ማመላለሻ ዓምድ ስለተመዘገበ ያለ ሽንኩርት አለፈች።

ይኸው ሃያ ስድስት ቀን ሆነ። መጀመሪያ በመኪናዋ ተናደድሁ፣ ቀጥሎ በሽንኩርቱ፣ ከዚያ በእርስዎ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ክቡር ጓድ፣ ዞር ብዬ ያላየኋት አንገቴን ታምሜ አይደለም፤ እርስዎን ፈርቼ ነው። አንድ ቃል ብናገር ምን እንደሚደርስብኝ አስቤ፣ እርሷ መንገድ ዳር ጥላዋን ይዛ ቆማ ሳለ፣ ማርሽ አስገባሁ። ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረች ባለቤቴ ናት። በዚህ አፍራለሁ።

በዚሁ ጉዳይ ሙሀባ ሽንኩርት አለመሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጠኝ ማመልከቴን ያስታውሳሉ። ባለጉዳይዋ ራሷ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛ እንድትቀርብ ስለሰጡኝ ፈጣን ምላሽም ሳላመሰግን አላልፍም።

እንግዲህ ጊዜዎን ከዚህ በላይ አልሻማም። ቅጽዎ ዓምድ፣ ዛፍዎ ቅጠል፣ ኬላዎም ተሰላፊ ከቶ እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት፣ ከአብዮታዊ ሰላምታና ከአንድ ያልተጫነ መቀመጫ ጋር እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ የጭነት ባለንብረት
ነጅሙዲን ከቢር

ግልባጭ፦
– ለአራቱ ወዳጆቼ
– ለገበሬ ማኅበሩ፣ ሽንኩርቱ አሁን የት እንዳለ ለሚያስጨንቃቸው ሁሉ

ማስታወሻ፦ የፊታችን እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሙሀባን ይቅርታ ልለምናት ወደ ካራቆሬ እሄዳለሁ። የጎኔ መቀመጫ ባዶ ነው፤ ባዶውንም ያልፋል። ሽንኩርት እንድጭን ካዘዙኝ የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጬ ካራቆሬ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ዞር ብዬ የማላየው እርስዎን ነው።