ከዙሁር በኋላ የት እንደምውል

ውድ ፋዲላ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አንቺም፣ አማልም፣ ባሏም፣ ልጆቹም ሰላም እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚህ በላይ ደህና ነኝ ብልሽ ግን ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ ሰሞኑን ጉድ ስለሠራኝ እጠነቀቀዋለሁ።

ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም፤ ተለያይተንም አናውቅም። አሁን ስደውል ስልክ አታነሺም። ትናንት አማል አንስታ፣ «አባዬ፣ እማዬ ማውራት አልፈልግም ብላለች። ሌላ ቤት ካለህ በግልጽ ንገረንና ይለይልን» አለችኝ። ያሳደግኋት ልጅ እንዲህ ስትለኝ «ደህና ዋዪ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አልተቆጣኋትም። እናቷ ስታለቅስ እያየች ሌላ ምን ልትል ትችላለች? በስልክ «የለኝም» ማለት ቀላል ነው፤ ያላቸውም የሚሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ይህን ወረቀት አማል ቤት ድረስ የሚያመጣልሽ የባቱ ሚኒባስ ሾፌር ነው። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ሌላ ሚስት የለኝም። አላገባሁም፤ ላገባም አላሰብኩም። ከዙሁር ሶላት በኋላ ኑዕማን ሱቅ እውላለሁ ያልኩሽ ግን ውሸት ነው። እዚያ አንድም ቀን ውዬ አላውቅም።

መንገዱ ሲሰፋ ሱቄ የፈረሰ ጊዜ፣ «አላህ እረፍ ሲልህ ነው» አልሽኝ፤ እኔም አመንኩሽ። የመጀመሪያዎቹ ወራት እውነትም ጥሩ ነበሩ። ከሱብሒ በኋላ ተመልሼ መተኛት፣ ከጓሮ ፓፓያ ቆርጬ ሎሚ ጨምቄበት መብላት፣ ሬዲዮኑን ሳላቋርጥ መስማት ለመድኩ። ትኩስ ምሳ እንኳ ለእኔ አዲስ ነገር ነበር፤ ስንት ዘመን ከምሳ ዕቃ ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንቺ ከወጥ ቤት ወጥተሽ «ጨው አነሰው እንዴ?» ስትዪኝ፣ የምትጠይቂኝ ቀን በቀን መሆኑ ደስ ይለኝ ነበር።

መከራውም አልቀረም። አምፑል ልቀይር ብዬ ከወንበር ወድቄ ጉልበቴን አሳበጥኩ። እጄ ሥራ ሲፈታ ስለማያርፍልኝ የወጥ ቤትሽን ጣሳዎች እንደ ሱቅ መደርደሪያ በመጠን በመጠናቸው ደረደርኳቸው፤ አንቺም ኮረሪማ ስትፈልጊ ቀኑ መሸ። «የአማል አባት፣ እጅህ ይባረክ» አልሽኝና ያላየሁ መስሎሽ ሁሉንም ወደ ቦታው መለስሽው። አይቻለሁ፤ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው።

ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ በሩ ይንኳኳ ነበር። ጎረቤታችን ሑስና ትመጣለች፣ አማረች ትመጣለች፣ ሌሎችም ይመጣሉ። እኔ ከመጅሊሱ ፍራሽ ላይ ተነሥቼ «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው» እላለሁ። ተቀምጠው ጉልበቴን ይጠይቁኛል፤ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን፤ ከዚያ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ይነሣሉ። «ምነው ቸኮላችሁ?» እላቸዋለሁ። በጨዋነታቸው እየተደነቅሁ እሸኛቸው ነበር። እየቆየ መምጣታቸው ቀረ። ዘመኑ ነው፣ ሰው ሁሉ ተጣድፏል ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቀን መዶሻ ስፈልግ ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ሚዶሽ፣ ክርሽ፣ አደስ የገባበት የጸጉር ቅቤ ነበረበት። ቅቤው ደርቋል። «ጸጉር መሥራት ተውሽ እንዴ?» ስልሽ፣ «የድሮ ነው፣ መልሰው» አልሽኝ። መለስኩት።

ብዙም ሳይቆይ፣ ጓሮ ውኃ ሳጠጣ፣ ሑስና በር ላይ ቆማ ስታናግርሽ ሰማሁ።

«እትዬ ፋዲላ፣ ጋሼ አሉ እንዴ?»

«አለ።»

«ውይ። የእህቴ ልጅ ልትዳር ነው፤ ለሠርጉ ሹሩባ እንድትሠሪን ብለን ነበር። ጋሼ እያሉ እንዴት ሻሻችንን እንፍታ? እኛም ቤት ወንድሞቼ አይጠፉም።»

«በቃ ተዉት እስቲ» አልሻት። «ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ ነው የሠራው። አሁን በቤቱ ይረፍበት። የእኔም እጅ ደክሟል።»

እጅሽ አልደከመም። የዚያኑ ቀን እራት ከበላን በኋላ፣ ወሬ እየሰማሽ የሻርፕሽን ዘርፍ ስትጎነጉኚና ስትፈቺ፣ መልሰሽ ስትጎነጉኚ አየሁሽ።

ያኔ ገባኝ። ጸጉር እንደምትሠሪ አውቅ ነበር፤ ቤቱ ከዙሁር እስከ መግሪብ የእናንተ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ያለን ሁለት ክፍል ነው። እኔ ሱቅ እያለሁ የሰፈሩ ሴት ሻሿን አውልቃ፣ ጸጉሯን ፈትታ እግርሽ ሥር ትቀመጣለች፤ አንቺ ትሠሪያለሽ፤ ይወራል፤ ያዘነም ያለቅሳል። ስንት ሙሽራ ከእጅሽ ወጥታ ተድራለች። እኔ ስገባ ሁሉም ተጠርጎ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ እራት ቀርቦ ነው የማገኘው። ቤቴን የማውቀው ሲመሽ ብቻ ነበር። ባዕድ ወንድ ባለበት ጸጉር አይገለጥም፤ ባዕዱ ወንድ ደግሞ እኔው ነበርኩ። ጭራሽ ተነሥቼ «ተጫወቱ እንጂ» እላቸዋለሁ።

ብነግርሽ ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። «ከገዛ ቤትህ ወጥተህ ፀሐይ ላይ ልትውል ነው? አላህ አያሳየኝ» ብለሽ በሩን ጭራሽ ትዘጊው ነበር። ስለዚህ ኑዕማን ዕቃ ሲቀበል እንዳግዘው ለምኖኛል አልኩሽ። ደስ አለሽ። ሸሚዝ ተኩሰሽ ሰጠሽኝ። እኔም ሱቅ ስሄድ እንደ ልማዴ ሽቶዬን ነካ አድርጌ ወጣሁ።

የአዳማን የከሰዓት ፀሐይ መቼም ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ መስጊድ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ሰው ሰግዶ ሲወጣ እኔ ስቀር ጠባቂው «ምን ሆነዋል?» እያለ አስቸገረኝ። ካፌ ሞከርኩ፤ በአንድ ሻይ ስቆይ አስተናጋጇ ንጹሑን ጠረጴዛ ደጋግማ ትወለውለዋለች። መጨረሻ ላይ ያረፍኩት ጫምሳ ጋ ነው። ታውቂዋለሽ፤ የባቱ ሚኒባሶች ከሚጭኑበት አጥር አጠገብ ጎማ የሚሠራው፣ የሱቄ ደንበኛ የነበረው።

«አካም ጅርታ፣ አብዱናሲር?» አለኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ቤት የለህም እንዴ? በዚህ ፀሐይ ትዞራለህ።»

«ቤትማ አለኝ። ባለቤቴ እየሠራችበት ነው» አልኩት።

ነገሩን ስነግረው አልሳቀብኝም። አሮጌ ጎማ ላይ ካርቶን አንጥፎ ቦታ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ የምውለው እዚያ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀኑ ይረዝም ነበር። አቧራው፣ የረዳቶቹ ጩኸት፣ የሚጎትተኝ ጉልበቴ። መኪናው እየሞላ ሰው ሁሉ ወደሚሄድበት ይሄዳል፤ የትም የማልሄደው እኔ ነኝ። ሱቄ ሲፈርስ ሰው መሀል ስለነበርኩ አላለቀስኩም። ጎማው ላይ ተቀምጬ ግን አንድ ቀን እንባዬ መጣ። ጫምሳ አየኝና ጀርባውን ሰጥቶ ሥራውን ቀጠለ። ወንድም ይሉሃል እንዲህ ነው።

መግሪብ ሰግጄ ስገባ ግን ቤቱ አደስ አደስ ይሸታል። አንቺ መንዙማ እያንጎራጎርሽ እራት ታቀርቢያለሽ። «ሥራው እንዴት ነው?» ትዪኛለሽ። «ጥሩ ነው» እላለሁ። «ያንቺስ ቀን?» ስልሽ «እንዲሁ ነው፣ ቤት ስጠርግ» ትያለሽ። እየተዋሸን፣ ሁለታችንም ደስ ብሎን፣ ከአንድ ሳህን እንበላ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው የደም ግፊት መድኃኒቴን ረስቼ የወጣሁ ቀን ነው። አዝነሽልኝ ኑዕማን ሱቅ ድረስ ይዘሽልኝ ሄድሽ። ኑዕማን የዋህ ልጅ ነው፤ «ጋሼን? ከረመዳን ወዲህ ዓይናቸውንም አላየሁ» አለሽ። ከሴቶቹ አንዷ የባቱ መኪና የሚጫንበት ቦታ አይታኛለች። ሌላዋ የሽቶዬን ነገር ጨመረችበት። በቃ፣ አብዱናሲር ባቱ ላይ ሚስት አገባ ተባለ። ወሬው የበሰለው እኔ በለቀቅሁላቸው ሳሎን ውስጥ መሆኑን ሳስበው አንዳንዴ ሳቄ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ግን አይመጣም።

አልጮህሽም፤ አልጠየቅሽኝም። ለቀናት ሸሚዜን መተኮስ እንኳ አላቆምሽም። እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ሌላ ሴት ጋ ይሄድበታል ያልሽውን ሸሚዝ ኮሌታውን አስተካክለሽ ትሰጪኝ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ «የአማል አባት፣ ሸሪዓው ፈቅዶልሃል፤ እኔ አልከለክልህም» አልሽኝ። «ግን ከሰው አፍ መስማት አልነበረብኝም።» እውነቱን ብናገር ለእኔ ብለሽ በሩን ልትዘጊባቸው ነው፤ ባልናገር ልትሄጂ ነው። እኔ ይህን ሳወጣ ሳወርድ አንቺ ቦርሳሽን ይዘሽ ወጣሽ። ሁሉንም ቦታ ትተሽ የሄድሽው ባቱ መሆኑ ደግሞ፣ ልጅሽ እዚያ ስላለች ነው ወይስ ሴትዮዋን ልትፈልጊ ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ። ካልሽ ፈልጊ። ባቱን ቤት ለቤት ብታስሺ የምታገኚው የለም።

ጫምሳ፣ «ጃርሳ እንላክ» ብሎኛል። «ሁለት ትልልቅ ሰው ይዤ ባቱ እወርዳለሁ፤ አሣም በልተን እንመለሳለን» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ሽማግሌ አማል ቤት ገብቶ «ለእኛ ስትዪ» ካለሽ እሺ ትያለሽ፤ ትልቅ ሰው አሳፍረሽ መልሰሽ አታውቂም። ልብሽ ሳያምን፣ ሰው አፍረሽ እንድትመጪ አልፈልግም። ስለዚህ የላክሁት ወረቀት ነው። ወረቀት እምቢ ቢሉት አያፍርም።

ማመን ካቃተሽ ማንንም አትጠይቂ፤ ራስሽን ጠይቂ። ከቤት መውጣት የጀመርኩት መቼ ነው? የሑስናን እህት ልጅ ለሠርጓ የሠራሻትስ መቼ ነው? «ኑዕማን ጋ ልሂድ» ብዬ የወጣሁ ዕለት አይደለም? ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት መልስ ቤት እውል ነበር፤ ጁምዓ ከሴቶቹ ማን መጥቶ ያውቃል? እኔ ባለሁበት ቀን አንቺ ጸጉር አልሠራሽም፤ አንቺ በሠራሽበት ቀን እኔ አልነበርኩም። ሌላ ቤት ያለው ሰው እንዲህ አንቺ የምትሠሪበትን ቀን እየጠበቀ አይወጣም።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ይህን ለጫምሳም አልነገርኩትም። አንድ ቀን ጉልበቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ቀድሜ ተመለስኩ። በሩን ልከፍት ስል ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። ሁሉም ይስቃሉ፤ አንዷ ግን ከሁሉም በላይ ትሰማለች፤ ትንፋሿ እያጠረ «በቃ፣ በአላህ፣ በቃ» እያለች ትስቃለች። ማን እንደሆነች አላወቅኋትም። አማረች «ኧረ ፋዲላ ልትሞትብን ነው» ስትል ነው ያወቅሁሽ። ፋዲላ፣ እኔ ያንን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም። አማል ስትወለድም፣ ስንድራትም የማውቀው ፈገግታሽን ነው። መጀመሪያ ቀናሁ፤ አልዋሽሽም። ምን ጎድሎኝ ነው ለእኔ እንዲህ የማትስቂው ብዬ በቆምኩበት ከፋኝ። ከዚያ እጄን ከበሩ አነሣሁና ጫማዬ እንዳይሰማ ቀስ ብዬ ተመለስኩ። እያነከስኩ እስከ መግሪብ ቆየሁ፤ ጎማው ላይ ከዋልኩባቸው ቀናት ሁሉ ያልረዘመብኝ ያ ቀን ብቻ ነው።

አሁን ቤቱ ቀኑን ሙሉ የእኔ ነው። የሚያንኳኳ የለም፤ የትም እንድሄድ የሚያስገድደኝም የለም። ሬዲዮኑን ከፍቼ አልሰማውም። በጣም ናፍቀሽኛል። ግን ተመለሺ የምልሽ ለእራቴና ለሸሚዜ አይደለም፤ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፣ እራቱንም ተለማምጄ እሠራለሁ። ብትመጪ፣ ከዙሁር በኋላ ጫምሳ ጋ ነኝ። ስትፈልጊ ደውዪ፤ ስትፈልጊ መጥተሽ እዪኝ። በእኔ ምክንያት በሩን ዳግመኛ እንዳትዘጊባቸው ብቻ ቃል ግቢልኝ። ያንን ሳቅ አጠገብሽ ሆኜ መስማት ባይሆንልኝ ግድ የለኝም፤ ቤታችን ውስጥ መኖሩን ማወቅ ይበቃኛል።

ያንቺ ብቻ ባል፣
አብዱናሲር
አዳማ