የሻንቶው ዶሮና የሴራ ትምህርት

ኅዳር 4፣ ከሰዓት

የአሥረኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። መቼት ማለት ሰዓት ነው ብሎ የጻፈ አለ። ቦታውስ? ጊዜና ቦታ እያልኩ ስንት ዓመት ጮኽኩ። ዜሮ።

ከግድግዳው ወዲያ የማርቆስ ዘጠነኛ ክፍል ይስቃል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመት ያልሞላው የገሱባ ልጅ። እሱ የልቦለድ አላባውያንን ሲያስተምር ተማሪ ይስቃል። እኔ ሳስተምር ይጽፋል። ትምህርቱ የቱ ነው? አንተ ፍረድ፣ ደብተሬ።

ኅዳር 6

ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። የኔ ተማሪዎች በግምገማ ላይ፣ ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ ማርቆስ ያስተምረን ብለዋል። አሥረኛ ሁሌም የኔ ነበር። የአማርኛ ክፍል ኃላፊው እኔ ስለሆንኩ ሲያስተምር ክፍሉ ገብቼ እንዳየው፣ በምሰጠው ነጥብ እንዲወሰን ተባለ። ደስ አለኝ። አልዋሽህም። እንከን ካለ አገኘዋለሁ።

ኅዳር 9

ገባሁ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጄ ምሕረት እዚያ ክፍል ናት፤ እንዳላየች ሆነች። ሰሌዳው ባዶ። ትርጓሜ የለም። ማርቆስ በወላይትኛ አንድ ነገር ጣል አድርጎ አሳቃቸውና፣ ጠብ ያለበት ታሪክ የሚያውቅ ይንገረን አለ። አስቴር የምትባል ተነሳች። በግቢው ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ።

አክስቷ ከሻንቶ ገበያ አውራ ዶሮ ይዛ ሚኒባስ ትሳፈራለች። አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ፣ ዶሮው የኔ ነው ትላለች። ተሳፋሪው ለሁለት ይከፈላል። ሹፌሩ ይሰለቸዋል፤ መኪናውን ያቆማል፤ ዶሮውን መንገድ ዳር ይለቀዋል። ዶሮው የተከተላት ትወስደዋለች ይላል።

ክፍሉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሳትጨርስ ተነሳሁ። ግጭት ምን ማለት እንደሆነ መጀመሪያ ትርጓሜው ይቅደም አልኩ። አስቴር ተቀመጠች። ማርቆስ፣ ልክ ነው ጋሼ፣ አለ። በተቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወጣሁ።

ኅዳር 10

ነጥቡን ልሞላ ተቀመጥኩ። አልሆነም። ልብ ሰቀላ፦ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን እያሰኘ አንባቢን የሚያጓጓ ስልት። ለዓመታት አስጽፌዋለሁ። ደርሶብኝ ግን አያውቅም። ዶሮው የትኛዋን ተከተለ?

እራት ላይ ምሕረትን በዘወርዋራ ጠየቅኳት። እኔ እንደወጣሁ አስቴር ጨርሳዋለች። ሁሉም በሳቅ ሞተዋል። እኔ በሌለሁበት። ዶሮውስ ምን ሆነ አልኳት። አባዬ፣ መጀመሪያ ትርጓሜው ይቅደም አለችኝ። እናቷ ሳቀች። እራቴን ትቼ ተነሳሁ።

ኅዳር 12

ዝቅተኛ ነጥብ ጻፍኩ። ምክንያቱ ላይ ስደርስ የምለው አጣሁ። ሰረዝኩት። ሴራ አስተምሯል። ግጭት አስተምሯል። ልብ ሰቀላን ደግሞ ለእኔው። ሙሉ ሰጠሁት። እየቀናሁ ሰጠሁት። አሥረኛን ይውሰድ። ጋሼ ሲለኝ ግን አሁንም ይቆጠቁጠኛል።

የዶሮው ነገር ብቻ ቀረኝ። ማርቆስን ከምጠይቅ ሞቴን እመርጣለሁ። ሰኞ ከሰልፍ በፊት አስቴርን ራሷን እጠይቃታለሁ። እስክትጨርስ አንዲት ቃል አልናገርም።