የቆሙት ሽማግሌዎችና ባዶው ወንበር

ይድረስ ለልቤ ሰው፤

ተመርቀን ምን አተረፍን? ይህን አንተም ጠይቀሃል። እኔ ራሴ ሰምቼሃለሁ። አራዳ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ተሰልፈን፣ ያንኑ ማስረጃ ደጋግመን ስናባዛ፣ «አፈር እንዳይሸረሸር ተምረን እኛው ተሸርሽረን ቀረን» ብለህ ሰልፉን ሁሉ አስቀኸው ነበር። እኔም ስቄያለሁ። ሰሞኑን ግን ጥያቄው ተመልሶ መጥቶብኝ ሳቄን ወስዶታል።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትክ? የመካነ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞሃል? የእናትህ ጉልበት ተሻላቸው? ገብሱስ ከውርጩ ተረፈ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት። ነገር ግን ሆዴ ውስጥ እንደ ሻገተ እህል የተቀመጠ አንድ ነገር አለ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እሱን ለመትፋት ነው። ስልክህ ዝግ ነው። እዚያ ላይ ኔትወርክ እንደማይረጋ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ድሮ ኮረብታው ላይ ወጥተህ ትደውልልኝ ነበር። ስለዚህ ይህን በእህትህ በኤልሳ እጅ ልኬዋለሁ። ከቤታችሁ ሰው አሁን የማምነው እርሷን ብቻ ነው።

ያ ጃፓን ያለው ዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ ፈተናውን ሁለታችንንም እንዳሳለፈንና ከጎንደር የሚወስደው ግን አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ያወቅን ቀን ምን እንዳልን ታስታውሳለህ? «ማንም ይሂድ፣ የቀረው ይሸኘዋል» ተባባልን። እኔ የምሬን ነበር። ብታሸንፈኝ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቼ፣ አልቅሼ፣ ዳቦ ቆሎ በቦርሳህ ከትቼ እሸኝህ ነበር።

በስክሪን በሚደረገው ቃለ መጠይቅ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ አስቀድሞ ስለተነገረን ታሪካቸውን ማንበብ ጀመርን፤ «የዩኒቨርሲቲያችን ታሪክ ስለ ራስህ ምን አሳየህ?» የሚል ነው። አንተ ያኔ የጠየቅኸኝ «ዲግሪው እዚህ ይታወቃል ወይ?» ብለህ ነበር። እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። አጎቴን አያ አድማሴን «የግል ዩኒቨርሲቲ ነው» ብላቸው ምን እንዳሉኝ ነግሬህ የለም? «ከሥጋ ቤቱ በላይ እንዳለው ኮሌጅ ነው? እዚያማ ደረጃውን መውጣት የቻለ ሁሉ ይመረቃል።» እኛ አገር የግል ሲባል የሚታየው ያ ነው፤ ከታች መጥረቢያ ሲያርፍ ከላይ አስተማሪው የሚደነግጥበት። የእነሱ የግል ሌላ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የመንግሥቱ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሹማምንት ልጅ ሲመርጥ፣ አንድ የዘይት ጨማቂ ልጅ የነበረ መምህር የሐር ትል ይረባበት የነበረ አሮጌ ቤት ተከራይቶ ማታ ማታ ማስተማር ጀመረ። ቀን ሲሠሩ የሚውሉ ልጆች ነበሩ ተማሪዎቹ። ወንበሩ ስለማይበቃ፣ ከሥራ ዘግይቶ የደረሰው ቆሞ ይማራል። መምህሩም አንድ ተማሪ ቆሞ ሳለ አልቀመጥም ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ አስተማረ። እርጅና ጉልበቱን ሲይዘው እንኳ ግድግዳ ተደግፎ ነው እንጂ አልተቀመጠም።

ሴቶች ልማር ብለው ሲመጡ ማን አሳልፏቸው! የመጀመሪያዋ ተመዝግባ ሳለ ቤተሰቧ አስቀራት። መምህሩ ወንበሯን ማንም እንዳይነካ አደረገ። ዛሬም በየዓመቱ የመግቢያ በዓላቸው ላይ ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ባዶ ይተዋል። አዲስ ተማሪ ሁሉ ለዚያ ወንበር እጅ ነስቶ ነው የሚቀመጠው፤ መምጣት ለተከለከለችው።

ይህን ያነበብነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ አንድ ጭማቂ በሁለት ማንኪያ እየጠጣን፣ በእኔ ስልክ። ገጹ በጃፓንኛ ብቻ ስለነበር በትርጉም እየጎተትን፣ ስልኩ «ወንበር» ማለት አቅቶት «እግር ያለው መቀመጫ እንስሳ» ሲል ተንፈራፍረን እየሳቅን። ሌላም ነገር አነበብን። በዓለም ጦርነቱ ዘመን ተማሪዎቻቸውን ወደ ግንባር መሸኘታቸውን «ይህ ጥፋታችን ነው» ብለው ራሳቸው ጽፈውታል። ከተማዋ ስትቃጠል ግቢው አብሮ ተቃጠለ፤ የተመረቁት ተመልሰው ጡብ ተሸክመው ሠሩት። እስከዛሬ ክፍሉን መምህርና ተማሪ አብረው ይጠርጋሉ። አንተ «ጃፓን ድረስ ሄጄ መጥረጊያ ልይዝ?» ብለህ ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም። ጥፋቱን በራሱ ገጽ ላይ የሚጽፍ ትምህርት ቤት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ያንን ቦታ የወደድኩት ያኔ ነው። የወገራ ተዳፋት በየክረምቱ ታጥቦ ወደ ገደል ሲወርድ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እነሱ በተራራ ላይ አፈር አስሮ ማቆየትን ነው የሚያስተምሩት። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

አሁን ወደ ትፋቱ ልምጣ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራችን ተንኳኳ። አጎትህ አቶ ህሩይ ከፊት፣ የእኛው ነፍስ አባት ቄስ ኪዳነወልድ ከመሐል፣ አንድ የማላውቃቸው አዛውንት ከኋላ። ሦስቱም ነጭ ለብሰዋል። ነጭ የለበሰ ሽማግሌ ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ሲመጣ ምን ተብሎ እንደሚታሰብ አንተም ጎንደሬ ነህ፣ አልነግርህም። እናቴ ጎትታ ጓዳ አስገባችኝ፤ «ምነው ሳትነግሪኝ! በዚህ ጨርቅ ልቀበላቸው ነው?» አለች። ለጥምቀት ብቻ የምታወጣውን ጥልፍ ነጠላዋን ከሳጥን አውጥታ እያጣፋች፣ «ያ ረጅሙ ነው አይደል? ጃንጥላውን የረሳው? ሸጋ ልጅ ነው፤ ሲበላ ብቻ ትንሽ ይፈጥናል» አለችኝ።

እኔስ ምን አሰብኩ? እሱን አልነግርህም። መስታወት እንዳየሁ ብቻ እነግርሃለሁ።

አባቴ ካረፈ ወዲህ በእንዲህ ያለው ጉዳይ የሚናገሩልን አያ አድማሴ ናቸው። ደግነቱ ከአምባ ጊዮርጊስ ወርደው እኛ ዘንድ ሰንብተው ነበር። «ግቡ፣ አረፍ በሉ» አሏቸው። እነሱ ግን ደንቡን ያዙ፤ የመጣንበት ሳይፈቀድልን አንቀመጥም አሉ። ቆሙ። እናቴ ከጓዳው በር ቆማ እልልታዋን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። አቶ ህሩይ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከአባታችን ከእገሌ ዘመን የነበረውን ጉርብትና ሁሉ ከቆጠሩ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «የጃፓኑ ትምህርት ቤት የሚወስደው አንድ ሰው ነው። ልጃችሁ ለልጃችን ትተውለት ብለን ለመለመን ነው የቆምነው።»

እናቴ፣ «ለጋብቻ አይደለም?» አለች። እንዲህ ነው ያለችው፤ እንደ ሕፃን።

አቶ ህሩይ ትንሽ አፈሩ መሰለኝ። «እሱ ደግሞ ልጁ ተምሮ ሲመለስ ይታያል» አሉ።

ይታያል! እንደ ዝናብ።

ምክንያቱን ጠየቅሁ። አያ አድማሴ በዓይናቸው ቢቆጡኝም ጠየቅሁ። አጎትህ «እሱ ወንድ ነው፣ የሚጠብቀው ቤት አለ። አንቺ የትም አትወድቂም፣ ሴት ልጅ የሚወስዳት አታጣም» አሉኝ። እስከዚህ ድረስ ችዬው ነበር። እንዲህ ያለውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፣ ጆሮዬ ደርቋል። ያልቻልኩት ቀጥሎ የመጣውን ነው።

ቄስ ኪዳነወልድ መስቀላቸውን እያሻሹ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው፣ «ልጄ፣ እዚያ ቤት የቀረ ሰው አይረሳም። ከፊት ባዶ ወንበር ይተዉለታል። የሚገባው ሁሉ እጅ ነስቶለት ነው የሚቀመጠው። ያ ወንበር እንግዲህ ያንቺ ነው ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ክብር ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

ቄስ ኪዳነወልድን ታውቃቸዋለህ። ስልክ የሚነኩት ሲጮህባቸው ብቻ ነው፤ ያንንም በተገላቢጦሽ ይዘውት ነው «ሃሎ» የሚሉት። ጃፓንኛ አያነቡም።

የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ያሞቃል። ይህኛው ዝንብ የወደቀበትን ወተት ግማሹን ከጠጡ በኋላ እንደማየት ነበር። ያቺ ልጅ ከመቶ ዓመት በፊት ቤተሰቧ እንዳስቀራት እኔንም ሊያስቀሩኝ የእሷኑ ወንበር ይዘው መጡ! ያ መምህር የቆመው ሌላው መቀመጫ እንዲያገኝ ነው። የእናንተ ሽማግሌዎች የቆሙት እኔ ከመቀመጫዬ እንድነሣ ነው። የጃፓኑን ታሪክ በዚህ መልክ ገልብጦ ለቄስ ያስጠና ሰው፣ ታሪኩን በደንብ አንብቦታል። እንደዚያ በደንብ አንብቦ እንደዚያ መረዳት ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አያ አድማሴ ላብ በላብ ሆኑ። ቄስ ቆመው እሳቸው መቀመጥ አልሆነላቸውም፣ እሳቸውም ተነሡ። ያን ጊዜ ሁላችንም ቆመን ነበር፤ ወንበሮቹ ብቻ ባዶ ነበሩ። በመጨረሻ አልቻሉም፤ «ኧረ ይቀመጡ አባቴ፤ ሰጥተናል» አሉ።

ተቀመጡ። ጠላ ቀረበላቸው። ከዚያ መረቁኝ። ያልሰጠሁትን ነገር እጥፍ ድርብ አድርጎ ይመልስልሽ ብለው መረቁኝ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ፣ አለማለት አይቻልማ። ምርቃት ሲሸተኝ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ግን አሜን አላለችም። እነሱ ጠላቸውን እየጠጡ ሳለ ከፊታቸው ቆማ ያንን ጥልፍ ነጠላ ከትከሻዋ አወረደች፣ በቀስታ አጠፈችው፣ ወደ ሳጥኑ መለሰችውና የዘወትሩን ለበሰች። አጎትህ ጠላቸውን ሳይጨርሱ ነው የተነሡት።

ከሄዱ በኋላ፣ «አያ፣ የሰጡት የማንን ነው?» አልኳቸው። አያ አድማሴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ምን ላድርግ ልጄ፣ ቄስ ሲቆሙ ያቅበጠብጠኛል» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ግን ያ የግል ትምህርት ቤት ይህን ያህል ሽማግሌ የሚያስቆም ከሆነ፣ ከሥጋ ቤቱ በላይ እንዳለው አይደለም ማለት ነው» አሉ። በዚያ ሁሉ መሐል ሳቄ መጣ፣ ከሳቁም ጋር እንባዬ።

በማግስቱ እናቴ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። «ቃል የሰጠው ወንድሜ ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም፣ አንቺንም የጠየቀሽ የለም» አለች። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ሄዳ ያንን ነጠላ አምጥታ ጉልበቴ ላይ ጣለችው። «በስክሪን ደረትሽ ድረስ ነው አሉ የሚታየው። ጥልፉ እንዲታይ ከፍ አድርገሽ ልበሽው።»

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። የሽማግሌ ቃል ያፈረሰች ቤት ምን እንደምትባል ታውቃለህ። ቄስ ኪዳነወልድ ቤታችን ጠበል መርጨት ይተዉ ይሆናል። አያ አድማሴም አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይከርማሉ፤ ለእሳቸው አዝናለሁ። እናቴ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ነጠላውን የሰጠችኝ። እኔም እያወቅሁ ነው የተቀበልኩት።

እናም ማክሰኞ ጠዋት የተመረቅንበት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት፣ ስክሪኑ ፊት እቀመጣለሁ። ታሪካችን ስለ ራስሽ ምን አሳየሽ ሲሉኝ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንዲት እናት፣ አንድ ወንበር። የማንንም ስም አልጠራም። አንተን ለመክሰስ የማውለው ታሪክ አይደለም፤ ከአንተ በፊት እኔ ወድጄዋለሁ። ባይወስዱኝ አልሞትም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ በር አንኳኳለሁ። ባዶ ወንበር ሆኜ ሰው እጅ እንዲነሣኝ ግን አልፈልግም። መቀመጥ ነው የምፈልገው።

አንተም ና። አጎትህን ሳታስከትል፣ ራስህ ና። ማክሰኞ የሁለታችንም ቀን ነው፤ ከመካነ ብርሃን የሚወርደው መኪና ሰኞ ያደርስሃል። ከበለጥከኝ ብለጠኝ፤ አዘዞ ድረስ የመሸኘት ቃሌን አላጠፍኩም፤ ዳቦ ቆሎውን ግን ሳልተወው አልቀርም። ጃንጥላህም እኛ ጋ ነው፤ እናቴ በር ላይ አስቀምጣልሃለች፣ ሳትገባ መውሰድ ትችላለህ።

ከመምጣትህ በፊት ግን አንድ ነገር ጻፍልኝ፤ ኤልሳ ስትመለስ በእጇ ላክልኝ። ስለዚያ ወንበር ለቄስ ኪዳነወልድ የነገራቸው ማን ነው? የምጠይቅህ መልሱን አጥቼው አይደለም። እነዚያ ሰዎች ጥፋታቸውን በራሳቸው ገጽ ላይ እንደጻፉት፣ አንተም በራስህ እጅ ጽፈኸው እንዳይ ነው።

ገብሳችሁን ከውርጭ ይጠብቅላችሁ። ለእናትህ ጉልበት ይስጥልኝ። አንተንም እግዚአብሔር ሰው አቁመህ ከማስለመን ያውጣህ።

ድሮ ከዚህ በታች «ያንተው» ብዬ እፈርም ነበር። ዛሬ ግን፣

ተወዳዳሪህ