ሐኪሙ የጻፈው «ሁለት»

ጥሩወርቅ ባለቤቴ፣

ገደሉሽ። ቀጥለው ደግሞ «ብዙም አላመማትም» አሉኝ። ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ፤ ንዴቴ ግን ዛሬም አልበረደም።

ቤታችን ያው፣ እዚሁ በስደት አገራችን ሬክስዴል ሰፈር ያለው አፓርታማ ነው። ልጃችን ራሔል አልጋሽን አስወጥታ በቦታው ሶፋ አስገባች፤ እስካሁን አልተቀመጥኩበትም።

ጠበቃ የያዘችውም እሷ ናት። የአሮጌ ሕንፃ የማሞቂያ ቧንቧ ሽፋን ስነቅል ቱታዬ ላይ ይዤው የምመጣው አቧራ አስቤስቶስ የሚሉት፣ ሲተነፍሱት ሳንባ የሚገድል ነገር እንደነበረ አሠሪዎቼ ያውቁ ነበር፤ አልነገሩንም። አንቺ ደግሞ ምድር ቤት ያለውን የጋራ ማጠቢያ ማሽን «ሐበሾች አቆሸሹት» እንዳይባል፣ ቱታውን በረንዳ ላይ ሳታራግፊ አታጥቢም ነበር፤ አቧራው ሳንባሽ ገባ። ይህን አልካዱም። የካዱት ሥቃይሽን ነው።

ለክሱ ቃሌን በሰጠሁበት ቀን የኩባንያው ጠበቃ የሕክምና መዝገብሽን ዘርግቶ አነበበልኝ። ሐኪሙ ሕመምሽን ከዜሮ እስከ ዐሥር በቁጥር እንድትነግሪው በጠየቀሽ ጊዜ ሁሉ፣ ጎንሽን ደግፈሽ «ተመስገን» ትይ ነበር። የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ፈጣሪዋን ለምታመሰግን ሴት ትልቅ ቁጥር መጥራት ማማረር መሰለኝ፤ «ሁለት» አልኩት። በየቀጠሮው ሁለት። እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ፣ ከመዝገበ ቃላት የለቀምኩ ሰው ነኝ፤ መዝገቡ ሲነበብልኝ ምነው ባልለቀምኩት አልኩ።

በአንቺም ተናድጄብሻለሁ። አንድ ቀን እንኳ «አመመኝ» ብትይ ምን ነበረበት?

ገመናሽን ለባዕድ አላወጣም ብዬ ራሔልን ስንት ጊዜ መልሻታለሁ። ያን ቀን ግን በአማርኛ ተናገርኩ፤ የተቀጠረችውን አስተርጓሚ አንድ ቃል እንዳትቀንስ አስጠንቅቄ። መጋደም አቅቶሽ ስድስት ወር ሙሉ ተቀምጠሽ ማንቀላፋትሽን፤ እኔ እንዳልሰማ የመታጠቢያ ቤቱን ውኃ ከፍተሽ መጮኽሽን፤ የነጠላሽን ጥለት በጥርስሽ መበጠስሽን። አስተርጓሚዋ እያለቀሰች ተረጎመችው። ስጨርስ የእኛው ጠበቃ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ግሩም ነው፣ ካሳውን ከፍ ያደርገዋል» አለኝ። ግሩም! እጁን ከትከሻዬ ላይ አነሳሁት።

ካሳውን ራሔል ትቀበል፤ የሚገባሽ ነው፣ አልከለክልም። እኔ የጠየቅሁት ያ ቁጥር እንዲሰረዝ ብቻ ነበር። መዝገብ አይሰረዝም አሉኝ። እንግዲያው ቃሌ ከጎኑ ይቀመጥ።

አንቺን እስክሞት አልረሳም፤ ስምሽንም በየቀኑ እጠራለሁ። ሥቃይሽን ግን አንድ ጊዜ፣ መነገር ባለበት ቦታ ተናግሬዋለሁ። ከእንግዲህ ዳኛ ቢያዘኝ፣ ቄስ ቢጠይቀኝ፣ ልጅሽም እግሬ ላይ ወድቃ ብትለምነኝ፣ አልናገረውም።