የፊት ፍሬኔና የብርቱካን ሠርግ

ሰኞ፣ ጥር 4። ጠዋት 1፡30

ደብተሬ፣ ሞተር ላይ ካሜራማን ከኋላ ጭኖ የሠርግ መኪና በመምራት በሐዋሳ ከተማ የሚስተካከለኝ ሰው አልተወለደም። እሺ፣ ተወልዷል። አንድ። ስሙ ካሱ ነው፤ ከእኔ ሦስት ቤት አልፎ ይኖራል። ከዚህ በኋላ ካ. ብዬ ነው የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት የማታ ክፍል ውስጥ እያዛጋሁ ነው፤ ለእሱ አላባክነውም።

ትናንት ሠርግ ነበር። ካሜራማኑ ያሬድ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ጀርባውን ለጀርባዬ ሰጥቶ ተቀምጧል። የሙሽሮቹን መኪና ይቀርጻል። አደባባዩ ጋ የፊት ፍሬን ያዝኩ። የእኔ ፍሬን ታምቡሮ ነው፣ ቸርኬው ውስጥ የተዘጋ። ስትይዘው መጀመሪያ ያስባል፤ ከዚያ በድንገት ይነክሳል። የያሬድ ማጅራት ከሄልሜቴ ጋር ተጋጨ። ቪዲዮው ላይ ሙሽራው ቀርቶ ሰማዩ ወጣ።

ዛሬ በጠዋት ደወለ። ለብርቱካን ሠርግ የካ. ሞተር ላይ ነው የምቀመጠው አለ። የካ. የፊት ፍሬን ዲስክ ነው፤ ሲቆም አይታወቅም አለ። ሲቆም ካልታወቀ ቆመ ይባላል?

ብርቱካን የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። አባቷ ካረፈ ወዲህ አባቷ እኔ ነኝ። ከመኪናዋ ፊት ሌላ ሰው አይሄድም። አለቀ።

ማክሰኞ፣ ጥር 5። ከሰዓት 10፡00

እህቴ እቴቴ አበበች ቤት ሄድኩ። ማን ተቀምጧል? ካ.! ሻይ ይጠጣል። እኔ በምቀመጥበት ወንበር፣ እኔ በምጠጣበት ብርጭቆ። ስገባ ብድግ ብሎ ለቀቀልኝ። ጨዋነቱ ባሰ።

እቴቴ ለሠርጉ ካ.ን ጠይቃዋለች። «አንተ እንደ አባት ከእኛ ጋር መኪና ውስጥ ትቀመጣለህ፤ ክብር ነው» አለችኝ። ክብር! እንደ ጆንያ ተጭኜ የካ.ን ሞተር በመስኮት እያየሁ!

እስከ ሠርጉ የእኔም ዲስክ ይሆናል አልኩ። ጮክ ብዬ። ያሬድ እሺ ካለ እኔ ምን ቸገረኝ አለች። ካ. አመስግኖ ወጣ። ብርጭቆውን አጥቦ። በሰው ቤት ብርጭቆ እጠብ ያለው ማን ነው?

ሐሙስ፣ ጥር 7። ቀን 8፡00

አገኘሁ! እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ጋ። ከኋላው የተጨፈለቀ፣ እንደ እኔው ያለ ክሩዘር ሞተር፤ የፊት እግሩ ግን ደህና። ጎማው፣ ዲስኩ፣ ዲስኩን የሚጨብጠው፣ እጀታው ላይ የሚታሰረው የዘይት ፓምፕ፣ ሁሉም አብሮ።

ጋሽ ለማ ጋራዥ ወሰድኩት። ጋሽ ለማ የእኔን ክሩዘር «ሶፋው» ነው የሚሉት፤ ረጅምና ዝቅ ያለ ስለሆነ። ስንት ቀን ይፈጅብዎታል ብላቸው፣ ዝም ካልክ ሁለት፤ ካወራህ ሳምንት አሉኝ።

ዝም አልኩ። ግማሽ ቀን።

ቅዳሜ፣ ጥር 9። 9 ሰ.

አለቀ! የጎማው ብረት አልገጥም ብሎ ቶርኖ ቤት አስቀረጹለት። ዘይቱን ሞልተው እጀታውን እያስጨመቁኝ አየሩን አስወጡት። መጀመሪያ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ነበር። ኋላ ጠጠረ። አሁን በአንድ ጣት ይቆማል፤ በትንሿ ጣት።

ጋሽ ለማ ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። የፍሬኑ ሸራ አዲስ ነው፤ ጥቂት ቀን ቀስ እያልክ አለማምደው። ዲስኩን ደግሞ ዘይት እንዳይነካው፤ ከነካው አይይዝም።

ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ድረስ ነዳሁ። ዓሣ ሻጮቹ ፊት ቀጥ አልኩ። ማንም አላጨበጨበም። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ግዙፉ አሞራ፣ ግን ዞር ብሎ አየኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 12። 11 ሰ.

ያሬድን ወደ ኋላ አስቀምጬ፣ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ አስይዤ ነዳሁት። ጠብ አላለም። እሺ፣ አንተው ምራ አለ። እኔው ልመራ ነው! እቴቴ ደስ አላት፤ ወይም ሰለቻት። በስልክ አይለይም።

ካ. ሊያይ መጣ። በርከክ ብሎ አየ። ያምራል አለ። ከዚያ መሪውን ሙሉ በሙሉ አዙሮ፣ የዘይት ቱቦው ጎማውን ሊነካ ምንም እንደማይቀረው አሳየኝ። ከኪሱ ማሰሪያ አውጥቶ ራሱ አሰረልኝ። ትክክል ነበር። ይህን ስጽፍ እስክሪብቶው አልሄድም ይለኛል።

ሚስቴ አስቴር ከበሩ ላይ ሆና «ካሱዬ፣ ጌታ ይባርክህ!» አለችው። ካሱዬ! እኔን አቆላምጣ ከጠራችኝ ስንት ዘመኗ!

ዓርብ፣ ጥር 15። 11፡00

ሞተር አጠብኩ። ካ.ም ደጁ ላይ የራሱን ያጥባል። የእሱ ዲስክ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። የእኔ ከአደጋ የተረፈ፣ ደብዛዛ፣ ዳር ዳሩ የዛገ። ነገ ያሬድ ከመነሳታችን በፊት ሞተሩን ይቀርጻል። ዘመድ ሁሉ ያያል። ደብዛዛ!

አሰብኩ። ጋሽ ለማ የከለከሉት ዘይት ነው። ቫዝሊን ዘይት አይደለም፤ የፊት ነው። የአስቴርን ወስጄ በጨርቅ አሸሁት፣ ወለወልኩት። አሁን መልክ ያሳያል። የእኔን መልክ! የካ. እንዲህ ዓይነት መልክ አሳይቶ አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥር 16። ምሽት 12፡30

ባጭሩ እጽፋለሁ።

ከቤ/ክ እስከ ዋናው መንገድ እንደ ንጉሥ ሄድኩ። ቀስ ብለን ስለነበር የኋላውን ፍሬን ብቻ ነካ ነካ። ከዚያ ወደ ሐይቁ የሚያስገባው መታጠፊያ። እዚያ በአንድ ጣት ቀጥ ልል ነበር ያሰብኩት።

ፍየል ገባችብኝ። ከየት እንደመጣች እንጃ። እሷን አድናለሁ ስል መታጠፊያውን አልፌ የለስላሳ ሳጥኖች ላይ ወጣሁ። ያሬድ ካሜራውን እንደ ሕፃን እንዳቀፈ ወደቀ። ጉልበቱ ተላጠ። ካሜራው የሚያየው ወደ ኋላ ነውና ፍየሏን አልቀረጻትም።

ብርቱካን ከመኪናው ወርዳ እየሮጠች መጣች። «አጎቴ፣ ተጎዳህ?» የነጭ ቀሚሷ ጫፍ አፈርና ለስላሳ ጠጣ። በእጇ አቧራዬን ታራግፋለች። በሠርጓ ቀን።

ካ. ለክፉም ለደጉም ብሎ ከኋላ ይከተል ነበር። ያሬድ እሱ ሞተር ላይ ወጣ። እስከ መጨረሻው ካ. መራ። እኔ የሰልፉ ጭራ ላይ፣ ከሚኒባሱ ኋላ፣ ጭስ ስጠጣ ዋልኩ።

እሑድ፣ ጥር 17። 10፡30

እቴቴ ቤት ተሰብስበን በላን። ወሬው ሁሉ ፍየሏ ናት። የሙሽራው አጎት፣ እኔ ሁለተኛው መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ፍየል የሚባል አላየሁም አሉ። ካ. ጉርሻውን ውጦ «እኔ አይቻታለሁ። ነጭ ናት» አለ።

ወዲያው አመኑት። እኔ እኮ ስለ ቀለሟ ምንም አላልኩም ነበር። በራሴ ፍየል በለጠኝ!

ስንወጣ ሞተሬ አጠገብ በርከክ አለ። ጣቱን ዲስኩ ላይ አሳልፎ አሸተተ። «ወንድሜ፣ ይቺ ፍየል ቫዝሊን ትቀባለች እንዴ?» አለኝ። መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። ለማንም አልተናገረም። ከሁሉ ያስቀናኝ ይሄ ነው። እኔ ብሆን እስከ ጉዱማሌ ድረስ እያወራሁ ነበር የምሄደው።

ሰኞ፣ ጥር 18። ጠዋት 2፡45

እቴቴ ደወለች። በሲዳምኛ ነው የምታወራው፤ ስትቆጣ እንዲያ ናት። መታጠፊያው ጋ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ነጭ ፍየል አለቻቸው። የሙሽራው አጎት ሽማግሌ ይዘው 4 ሰዓት ላይ ሊጠይቋቸው ይሄዳሉ፤ ፍየልሽን ለቀሽ ሠርግ አበላሽተሻል ሊሉ። ሴትዮዋ ፍየሌ ቀኑን ሙሉ ታስራ ነበር ብለው እያለቀሱ ነው አለች።

ካ. ጋ ሄጄ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ነጭ ናት ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ሄጄ እናገራለሁ አለ። አይሆንም አልኩት። ይህን እንኳ ለእኔ ተውልኝ!

ከሽማግሌዎቹ ቀድሜ እደርሳለሁ። በእግሬ። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄ እዚያው ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። እቴቴም ትምጣ ብያለሁ፤ ሁሉም ፊት እናገራለሁ።

ደብተሬ፣ አንተንም ዋሽቼሃለሁ። የያሬድ ጉልበት፣ የብርቱካን ቀሚስ፣ ቫዝሊኑ፣ እውነት ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። መንገዱ ባዶ ነበር። ፍየል አልነበረችም።