በፍርድ ቤቱ ሣር ላይ አብረን ስለ ሞትንበት ቀን፤ ለክቡር ሊቀመንበራችን

ለክቡር አቶ ሆይት ክራምሊ፣
የሉላቪል ከተማ የሲቪል መከላከያ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ለጆርጂያ ግዛት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትም ዕጩ፤

ሉላቪል፣ ሰኔ 1962 እ.ኤ.አ.

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እያልሁ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሚያዝያ አጠገቤ በሞቱበት ሰዓት ፀሐይ አንገትዎን ክፉኛ ልጣው ስለ ነበር፣ ቆዳው ተመልሶልዎት እንደ ሆነ ሳላውቅ መሰንበቴ ሲያሳስበኝ ከረመ። እኔ በዴፖ ጎዳና የሴቶች ፀጉር ቤት ያለኝ ኦዜላ ታርፕሊ፣ እንዲሁም የአሜሪካን ሠራዊት ልብስ ለብሶ በበርሊን ከተማ በር የሚጠብቀው ልጄ ዳርኔል፣ ሁለታችንም ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ በግል ልልክልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን ምስጋና በጓዳ ሲነገር ሐሜት ይመስላል ብዬ ለጋዜጣ ሰጠሁት።

አንደኛ፤ ስለ መጠለያው አመሰግናለሁ። ሩሲያኖች ሉላቪልን በአቶሚክ ቦምብ ለመምታት እንደሚቋምጡ ኮሚቴዎ ከነገረን ወዲህ ሁላችንም ኩራት ተሰምቶናል፤ ከዚያ በፊት እንኳን ሞስኮ፣ አትላንታም መኖራችንን አታውቅም ነበርና። ለነጮቹ የፍርድ ቤቱን ምድር ቤት በብረት በር፣ በታሸገ ምግብና በውሃ በርሜል ሲያደራጁ እኛን ጥቁሮቹንም አልዘነጉንም፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን የኮክ ማሸጊያ መጋዘን መደቡልን። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳም በሁለት በኩል አለው። በቀሩት በሁለቱ በኩል ቦምብ እንዳይመጣ ኮሚቴዎ ከሩሲያኖች ጋር ተነጋግሮ ይሆናል፤ የውጭ ጉዳይ ፖለቲካ ስለማይገባኝ አልጠየቅሁም።

ሁለተኛ፤ የሚያዝያውን ከቦምብ የመሸሸግ ልምምድ ሰዓት ስለ መረጡልኝ አመሰግናለሁ። ዕለቱ በመራጭነት ለመመዝገብ በፍርድ ቤቱ ቢሮ ለአራተኛ ጊዜ የቀረብሁበት ነበር። መዝጋቢዋ ወይዘሪት ኢውላ ጊትነር አንድ ጊዜ ጽሕፈትሽ ዘመመ ብለው፣ አንድ ጊዜ ቀለሙ ሰማያዊ ነው ብለው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ምሳ ሰዓታቸው ደርሶ መልሰውኛል። በዚያ ቀን ግን ከድሮ ጀምሮ መራጭ የሆኑትን የቤተ ክርስቲያናችንን ዲያቆን፣ አባት ሩፈስ ግሪየርን ምስክር አድርጌ ሄድሁ። ስለ ግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የተጠየቅሁትን ሁሉ መለስሁ። ወይዘሪት ኢውላ እንከን ፈልገው ፈልገው ሲያጡ፣ ብዕራቸውን አንስተው ሊፈርሙ ወረቀቱን ሳብ ሲያደርጉ፣ የእርስዎ የአደጋ ጡሩምባ ጮኸ። ከቦምብ እንደዚያ ደስ ብሎት የሸሸ ሰው ዓለም አይታ የምታውቅ አይመስለኝም። ብዕሩን ጥለው ወደ ምድር ቤቱ በረሩ።

እኛም ተከተልናቸው። እርስዎ ነጭ የብረት ቆብዎን ደፍተው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ኦዜላ! አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?»

«ከቦምቡ ልሸሽ ነዋ፣ ጌታዬ።»

«የእናንተ መጠለያ ከወንዙ ማዶ አይደለም እንዴ?»

«እስክንሻገር ይጠብቀናል?» አልሁዎ።

እርስዎም ወደ ዲያቆኑ ዞረው፣ «አጎቴ፣ አንተ እንኳ አስረዳት እንጂ!» አሉ። ነጭ ሰው ጥቁር ሽማግሌን «አቶ» ላለማለት እንዲህ እንደሚጠራ ባውቅም፣ ዝምድናችሁን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር። እሳቸውም ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «መጀመሪያ ጉልበቴን ላስረዳው፣ የወንድሜ ልጅ፤ አልሻገርም ያለው እሱ ነው» አሉዎ።

ይህን ጊዜ ወንዙ በየት በኩል እንደ ሆነ በጣትዎ ሊያሳዩን አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ወጡ፤ ኮሚቴዎ በብዙ ምርምር የመረጠው፣ በራሱ የሚቆለፈው የብረት በርም ከኋላዎ ጥርቅም አለ።

«ክፈቱ! እኔ ነኝ! ሆይት ነኝ!»

ከውስጥ የወይዘሪት ኢውላ ድምፅ መጣ፤ «ሆይትም ሁን ማንም ሁን! ሊቀመንበሩ የፈለገው ሰው ቢለምን አትክፈቱ ብሎናል!»

ትእዛዝዎ እንዲህ የሚከበር ሰው መሆንዎን በዓይኔ ስላየሁ ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ልምምዱን ሊታዘብ ከግዛቱ ቢሮ የተላከው ቀጭን ሰውዬ መጣ። ከመጠለያ ውጭ ስላገኘን በሦስታችንም እጅ ላይ ቀይ ካርድ አሰረ፤ «ሙት» ይላል።

«እኔ እኮ ሊቀመንበሩ ነኝ!» አሉት።

«ሊቀመንበርም ይሞታል፣ ጌታዬ። እባክዎ ሣሩ ላይ ይተኙ።»

እንዲህ ሆኖ እኔ በመካከል፣ ዲያቆኑ በቀኜ፣ እርስዎ በግራዬ ተጋደምን። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነበር። ዲያቆኑ ቆባቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ማንኮራፋት ጀመሩ። እኔ ሰማዩን እያየሁ ዳርኔልን አሰብሁት። ልጄ ሰዎች በአንድ በር በነፃነት ይግቡ ይውጡ ብሎ ባሕር ተሻግሮ በብርድ ቆሟል፤ እናቱ ግን በተወለደችበት ከተማ በአንድ በር መግባት አቅቷት ሣር ላይ ሞታለች። ስለዚህ ነገር ቀልድ ልጽፍልዎ ሞክሬ አልመጣልኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ውሃ ሲጠማዎ ተነሥተው ወደ ነጮቹ ቧንቧ ሊሄዱ ነበር። «ሙት አይነሣም!» አለ ታዛቢው። ከቦርሳዬ በበረዶ የቀዘቀዘ ሻዬን ሳወጣ ዓይንዎ ከጠርሙሱ ጋር አብሮ ወጣ፤ አብሮም ወረደ። ሁለት ጊዜ ጉሮሮዎን ጠረጉ።

«ኦዜላ... እ... ወይዘሮ ታርፕሊ፤ ጥቂት ይተርፍዎ ይሆን?»

በሉላቪል በኖርሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ነጭ ሰው «እርስዎ» ሲለኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ለዚያም ሁለታችንም መሞት ነበረብን። ሻዩንም እኔ በጠጣሁበት ክዳን፣ ሳይጠርጉት፣ እስከ መጨረሻው ጨለጡት፤ ያን ዕለት መብረቅ አልወረደም፤ ፍርድ ቤቱም አልፈረሰም።

ሦስተኛ ብዬ ስለ መንገዳችን ጉድጓዶች ልጽፍ ነበር፤ እሱ ይቆይ፤ ትልቁ ምስጋናዬ ወዲህ ነው። በማግሥቱ ለፊርማው ብሄድ ወይዘሪት ኢውላ የኮሚቴዎን ሪፖርት አውጥተው፣ «እዚህ ላይ እንደሚለው ትናንት ሞተሻል። ለሙት አይፈረምም፤ ከመጀመሪያው ጀምሪ» አሉኝ። ፀጉር ቤቴ ገብቼ በንዴት ሁለት ደንበኛ አቃጠልሁ፤ ፀጉራቸውን ማለቴ ነው።

ዲያቆኑ ግን ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «እህት ኦዜላ፣ አንቺ ከሞትሽ የወንድሜ ልጅም ሞቷል» አሉኝ። ሄደውም፣ መራጭ በመሆናቸው ሕጉ በሚፈቅድላቸው መሠረት፣ «ሆይት ክራምሊ የሚባለው ሟች ከመራጮች መዝገብ ይሰረዝልኝ» ብለው አቤቱታ አስገቡ። ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ ዕጩ መሆን አይችልም፤ የዕጩዎች ማመልከቻም የሚዘጋው ጉዳዩ በታየበት ቀን አመሻሽ ላይ ነበር።

የአውራጃው የመራጮች ምዝገባ ቦርድ ፊት ሲቀርቡ አንገትዎ እንደ ገና ቀልቶ ነበር። «ልምምድ ነበር እንጂ! ያን ቀን ሣሩ ላይ የተኛነው ሁላችንም ሕያዋን ነበርን!» ብለው በመጽሐፍ ቅዱስ ማሉ።

«ሁላችሁም?» አሉ ዲያቆኑ፣ ጆሮአቸውን በመዳፋቸው ቀስረው።

«ሁላችንም አልሁ!»

«እንግዲያው ወይዘሪት ኢውላ ለሕያዋኑ ሁሉ ይፈርሙ፤ እኔም አቤቱታዬን አነሣለሁ።»

የቦርዱ ሦስት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ቀጥሎ የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ በመጨረሻ እርስዎን አዩ። እርስዎ በእጅዎ፣ ቶሎ በሉ፣ የሚል ምልክት ሰጡ። ወይዘሪት ኢውላ ፈረሙ። ብዕሩ ወረቀቱን ቢበሳውም ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ አላዩም። የዲያቆኑ መኪና ውስጥ ገብቼ ልስቅ አፌን ብከፍት ልቅሶ ወጣ። ዲያቆኑ እንዳላዩ ሆነው፣ ራሳቸው ላይ ያለውን ቆብ ወንበር ሥር ሲፈልጉ ቆዩ። ማታውኑ ለዳርኔል ጻፍሁለት፤ እሱም ደብዳቤዬን ለጓደኞቹ ድንኳን ውስጥ አንብቦላቸው በሳቅ እንደ ሞቱ መልሶ ጽፎልኛል።

ስለዚህ ክቡር ሊቀመንበር፣ በመሐላ ከሙታን መካከል ላስነሡኝ ለእርስዎ፣ ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ፣ ከውስጥ የሚከፈት በርና ደጅ ላይ ጥለው የማያስቀሩ ወዳጆች ይስጥልኝ እያልሁ፣ በማይለወጥ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሕያዊትና የተመዘገበች ጎረቤትዎ፣
ወይዘሮ ኦዜላ ታርፕሊ

ማስታወሻ፦ ደንበኞቼ የሚቀጥለው ልምምድ መቼ እንደ ሆነ አጥብቀው ይጠይቁኛል። በከተማችን ለመመዝገብ ፈጣኑ መንገድ ይኸው መሆኑን ስላዩ፣ ዴፖ ጎዳና በሙሉ ለመሞት ተዘጋጅቷል። ሣሩ እንዳይጠበን ቀኑን አስቀድመው እንዲያሳውቁን በትሕትና እንለምናለን።