ተሾመ ህንድኛ አይችልም

ሰኞ፣ ጥር 14። ከምሽቱ 3 ሰዓት።

ሽንኩርቱ ተከትፏል። የነገ ዩኒፎርሜ ተተኩሷል። ገና ቁጭ ማለቴ ነው። የዛሬውን ስማኝ፣ ደብተሬ።

ልጄ ማህሌት ሶፋው ላይ ተጋድማ ዲሽ ታያለች። የጥናት ሰዓትሽ ነው ብዬ ልጮህባት ስገባ የህንድ ፊልም ነው። ዘፈኑን ስሰማ ወዲያው አወቅሁት። የባቡር ጣቢያው ኩሊ! ካዛንቺስ፣ ጋሽ ከድር ቪዲዮ ቤት፣ ስንት ቀን ነጠላዬ እስኪርስ ያለቀስኩበት ፊልም! ቁጣዬን ረስቼ አጠገቧ ዘፍ አልኩ።

የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ያቺ ጥቁር መነጽር ያደረገችው አሮጊት የኩሊው እናት ናት፣ ዓይነ ስውር ናት። ፖሊሱ በሕፃንነቱ የጠፋ ወንድሙ ነው። ሳያውቅ ያስረዋል። እናትየው በድምፁ ትለየዋለች፣ አቅፋው ትሞታለች። ይህን ስናገር እንባዬ መጥቷል።

ማህ. አንዴ እኔን አንዴ ቴሌቪዥኑን ታያለች። ከታች እንግሊዝኛ ይጻፋል። ማሚ ምን ሆነሻል አለችኝ። አሮጊቷ የማንም እናት አይደለችም። የኮንትሮባንድ አለቃ ናት! ፖሊሱ አማቿ ነው፣ ጉቦ ትሰጠዋለች። እኔ አሁን ልጇን በድምፁ አወቀችው ያልኩት ቦታ ላይ ኩሊውን እየተሳደበች ነው።

እስከ መጨረሻው አየሁት። አልሞተችም። ሠርግ ላይ ጨፈረች፣ ከዚያ ታሰረች።

ወጡ አርሯል። ምን ጉድ ነው?

ማክሰኞ፣ ጥር 15። ምሳ ሰዓት።

ሆቴል ነኝ፣ ሪሴፕሽን። እንግዳ የለም። ሌላ ፊልም ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አንድን ዘፈን ለሁለት ፊልም አይጠቀሙም እንዴ? ይጠቀሙ ይሆናል።

ላንተ ነግሬህ አላውቅም መሰለኝ። ባለቤቴ ተሾመ (ከዚህ በኋላ ተ.) ዛሬ ቡልጋሪያ ማዞሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ያኔ፣ ከመጋባታችን በፊት ግን የጋሽ ከድር ቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ ነበር። ካሴቶቹ ከታች ያላቸው የዓረብኛ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ማን ያንብበው! ስለዚህ ተ. ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና ህንዶቹ የሚሉትን እየሰማ በአማርኛ ይነግረናል። ለወንዱ በወንድ ድምፅ፣ ለሴቷ በሴት። ሲያለቅሱ ያለቅሳል። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል፣ አግዳሚው ጠባብ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል። ንቅንቅ የሚል ግን የለም። ህንድኛውን ከየት አመጣኸው ሲሉት፣ ት/ቤት ሒሳብ ካስተማሩኝ ህንዳዊ ነው ይላል። ሰፈሩ ሁሉ ተሼ ህንዱ ነበር የሚለው።

ሽማግሌ ሲላክ አባዬ (ነፍሱን ይማረውና) የልጁ ሥራ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው አስተርጓሚ ነው አሉ። አባዬ እዚያ ማዶ ያለው ትልቁ ዓለም አቀፍ መ/ቤት የሚሠራ መስሎት ደስታው ወሰን አጣ። የቪዲዮ ቤት መሆኑን ሲሰማ ግን ሦስት ወር አኮረፈ። ማን ተሟገተለት? እኔ! አባዬ፣ የሰው አገር ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የትም አይወድቅም፣ አልኩት። በዚህ አፌ።

እንግዳ መጣ። ልዝጋህ።

ሐሙስ፣ ጥር 17። ማታ።

ደምበል የገበያ ማዕከል ሄጄ ሌላ የህንድ ፊልም ገዛሁ። ያንን የሁለቱን ጓደኛሞች። በተ. ትርጉም ጓደኛሞቹ በአንዲት ልጅ ይጣላሉ፣ አንደኛው ዓለም በቃኝ ብሎ ገዳም ይገባል። ገዳም! ህንድ አገር! እንዴት እስከዛሬ አልገረመኝም? ማህ. እያነበበች ነገረችኝ። የተጣሉት በፋብሪካ ነው። ገዳም ገባ የተባለው እስር ቤት ነው የገባው።

ይህም አልበቃኝም። ሆቴላችን ያረፈ አንድ ህንዳዊ መሐንዲስ አለ። እንደምን ነህ በህንድኛ እንዴት ይባላል አልኩት፤ ነገረኝ። ታክሲ ውስጥ አፌ እስኪለምደው ለራሴ ሳጉተመትም አጠገቤ የተቀመጡት እናት አማተቡ።

ራት ላይ ለተ. ጣል አደረግሁለት። "አፕ ከይሴ ሄ?" አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። ውሃ ጠጣ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ "እሱ የደቡቦቹ ነው፤ እኛ የተማርነው የሰሜኑን ነው" አለኝ።

ማህ. ሳቅ አንቋት ከገበታው ተነሳች። እኔ አልሳቅሁም። ፊቱን እያየሁ ይህ ሰው ማነው አልኩ። ደነገጥኩ፣ ደብተሬ፤ የምሬን ነው የምልህ። አብሬው ያረጀሁት ሰው ነው እኮ።

ዓርብ፣ ጥር 18። ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስወጣ።

በላዩ ላይ ደግሞ ይሄ መጣ። ትናንት ማታ ዘግይቶ ለተ. ስልክ ተደወለ። የድሮ ካዛንቺስ ልጆች፣ ሰፈሩ ፈርሶ በየአቅጣጫው የተበተኑት፣ ከነገ ወዲያ ሳምንት እሁድ ቂርቆስ አንድ አዳራሽ ሊሰባሰቡ ነው። ከነልጆቻቸው። እና የባቡር ጣቢያውን ኩሊ በትልቅ ስክሪን ሊያዩት ነው። ተሼ ህንዱ እንደ ጥንቱ ቆሞ ያስተርጉምልን ብለዋል!

ተ. ሲያፏጭ ነው ያደረው። የሠርጋችንን ኮት አውጥቶ ሆዱን ወደ ውስጥ እየሳበ ይለካል።

ከታች እንግሊዝኛ ይጻፋል። የዛሬ ልጅ ደግሞ ያነባል። ሰው ሁሉ ፊት ሊዋረድብኝ ነው። ማህ. የክፍል ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ ብላለች፣ ይህቺ ጉደኛ።

እሁድ፣ ጥር 20። ከሰዓት።

ልንገረው ወይስ አልንገረው? ከነገርኩት ቅስሙ ይሰበራል። ካልነገርኩት አዳራሹ ይሰብረዋል። ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ ይሄንኑ ነው የማስበው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ደግሞ እናደዳለሁ። ያታለለኝ እሱ፣ የምጨነቅለት እኔ! ቆይ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ብሎ ነው ሲስቅብኝ የኖረው? እንግዳ ቤት ሲመጣ እኮ ባለቤቴ ህንድኛ ያቀላጥፋል እያልኩ እፎክር ነበር። እሱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ፈገግ ይላል። ትሕትና ነበር የመሰለኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 23። ማታ 1 ሰዓት።

ነገርኩት። ምነው በቀረብኝ።

ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲፈታ፣ ተሾመ ህንድኛ ትችላለህ ወይ አልኩት። ሳቀ። ምን ማለትሽ ነው አለ። እውነቱን ንገረኝ አልኩ። ከት ብሎ ሳቀ። አንዲት ቃል አልችልም አለኝ፣ ያለ ምንም እፍረት! የሒሳቡ አስተማሪ በእንግሊዝኛ ነበር የሚያስተምሩት። ጋሽ ከድር አንድ ቀን ሰው ተሰላችቶ ሲወጣበት፣ አንተ አፍህ ስል ነው፣ ተነስና አንድ ነገር በላቸው አለው። ተነሳ። ማለቴ፣ በቃ፣ እንዲሁ ተነስቶ አወራ።

እሱ አሁንም ይስቃል። ምነው ዛሬ አስታወስሽው ይለኛል። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

"አታውቂም ነበር እንዴ?" አለኝ።

አላውቅም ነበር አልኩ። ደብተሬ፣ ያን ፊቱን እንዴት ልጻፍልህ! ያታለለኝ ሰው ፊት አልነበረም። የተታለለ ሰው ፊት ነበር። ታውቃለች ብሎ ነበር የኖረው። ህንድኛ እንደማይችል፣ ምንም እንዳልነበረው፣ አፉ ብቻ እንደነበር እያወቅሁ አባቴን ተከራክሬ ያገባሁት መስሎት ነበር። እንግዳ ፊት ስፎክር እየቀለድኩለት መስሎት ነበር። ለኔ ከዚህ የበለጠ ክብር አልነበረኝም አለኝ። ጫማውን መልሶ አድርጎ ወጣ።

እኔ ልከሰው ተነስቼ፣ እኔው ተከሳሽ ሆንኩ።

ዓርብ፣ ጥር 25። ምሳ ሰዓት።

አያኮርፍም፣ አይቆጣም። ሰላም ይለኛል፣ ዳቦ ይገዛል። ዓይኑ ግን አያየኝም። ለአዘጋጆቹ ደውሎ አሞኛል አልመጣም አላቸው። ኮቱን ቁም ሳጥን ውስጥ መልሶታል።

ዛሬ ጠዋት በር ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። ያኔ ብታውቂ ኖሮ ታገቢኝ ነበር?

እንዴ! ምን ይባላል? አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። አውቃለሁ፣ ቶሎ ያልተባለ አዎ፣ አዎ አይደለም። ጥቂት ጠበቀኝ፤ ከዚያ ታክሲ እንዳያመልጥሽ ብሎኝ ሄደ።

ለምን ዝም አልኩ? እውነትም ያገባሁት ህንድኛውን ነው? ያስደነገጠኝ እሱ አይደለም አሁን፣ ራሴ ነኝ። ሪሴፕሽን ላይ ቁልፍ አሳስቼ ሰጥቼ ተቆጡኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 26። ከምሽቱ 4 ሰዓት።

ዘኒ ጋ ሄድኩ፣ ቡልጋሪያ። ዘነበች ማለት ያኔ ቪዲዮ ቤት አግዳሚው ላይ ሁልጊዜ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ናት። ዛሬ የሕፃናት ልብስ ሱቅ አላት። ልብሱ መሃል ተቀምጬ ተነፈስኩላት። ዘኒ፣ ተ. ህንድኛ አይችልም አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ደንበኛ እንዳይሰማ።

ዘኒ በሳቅ ፈነዳች። የሕፃን ካልሲ ይዛ እንባዋን ትጠርግበታለች።

"ኧረ በናትሽ! ዛሬ ነው የምታውቂው? አንቺ ፋራ! ሰፈሩ ሁሉ እኮ ያውቃል!"

ሁሉም? አልኩ። ሁሉም። ጋሽ ከድር፣ ቆሎ ሻጯ፣ ሁሉም። እንዴት አወቃችሁ ስላት ደግሞ ይብስ ሳቀች።

"እንዴት አንወቅ! ዓይነ ስውር ናት ያላት ሴትዮ ጋዜጣ ስታነብ እያየናት! ሞተች ብሎ አልቅሶ አስለቅሶን፣ በደቂቃው ተነስታ ስትጨፍር! ያኔ፣ እሷ እኮ መንትያዋ ናት ይለናል። በሱ ፊልም መንታ ያልሆነ ማን ነበር? በቃ እኛ የምንሄደው እሱን ለመስማት ነበር። ፊልሙንማ ማን ከቁም ነገር ቆጠረው!"

መንትያዋ ናት ሲል እኔም ሰምቻለሁ። ህንዶች መንታ ይበዛባቸዋል ብዬ አምኜ ነው የኖርኩት። ነገስ ልጆቹ እንግሊዝኛውን ቢያነቡበት አልኳት። ያንብቡ፣ እኛ የምንመጣው ተሼ ሲዋሽ ለመስማት ነው አለች። ቀረ ሲባል ግማሹ ሰው አንመጣም ብሏል።

ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ ትኩር ብላ አየችኝ። "ቆይ እሺ፣ አንቺስ? አጠገቤ ነበርሽ እኮ። ጋዜጣ ስታነብ አላየሻትም?"

አላየሁም አልኩ። ስትጨፍርስ? አላየሁም። ታዲያ ምን ስታይ ነበር አለችኝ፣ የምር ገርሟት። ደንበኛ ገባ፤ እኔም ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ የዚያን ፊልም አንድ ፊት ላስታውስ ሞከርኩ። የኩሊውን። የፖሊሱን። ምንም! ሰኞ ማታ ከማህ. ጋር ሳየው ዘፈኑን ነው ያወቅሁት፣ አንድም ፊት አልነበረም ያወቅሁት። የማስታውሰው ምን እንደሆነ ልንገርህ? ክርኑ ላይ የተበሳ አረንጓዴ ሹራብ። በሴት ድምፅ ሲናገር የሚንቀሳቀስ ማንቁርት። የቴሌቪዥኑ ብርሃን ያረፈበት ግማሽ ጉንጭ፣ ላብ የወረዛው። ኩሊው ሲገረፍ የሚኮማተር ግንባር። ሁሉም አለ። ሁሉም የሱ ነው።

መውረጃዬን አለፍኩት። ረዳቱ ወራጅ አለ ሲል የሰማሁት ከሁለት ፌርማታ በኋላ ነው። በእግሬ ተመለስኩ፣ እያለቀስኩ፣ እየሳቅኩ፣ ሰው እያየኝ።

እቤት ስገባ የለም። ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ እዚያው አመሸ፤ ሲመለስ ማህ. ነበረች። በሷ ፊት አልሆነልኝም።

እሁድ፣ ጥር 27። ከጠዋቱ 1 ሰዓት።

ተነስቷል። ጓሮ ጢሙን እየተላጨ ነው፣ ውሃ ሲያንቦጫርቅ ይሰማኛል። ማህ. ቅዳሴ ናት። አዳራሹ 8 ሰዓት ላይ ነው።

ኮቱን አውጥቼ ተኮስኩት። ቁልፉን ወደ ዳር አስጠግቼ ሰፋሁት እንዲደርስለት። ይሄዳል። ባይፈልግም ይሄዳል፣ ጎትቼ እወስደዋለሁ። ለዘኒ ደውዬ ተሼ ይመጣል ለሁሉም ንገሪ ብያለሁ።

መጀመሪያ ግን የዓርቡን ጥያቄ እመልሳለሁ። ፈርቻለሁ፤ ኮረዳ የሆንኩ ይመስል! ይህን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ለኖረ ሰው እንዲህ ይፈራል? ተለማመድኩት፣ አንተ ላይ ልሞክረው፣ ስማኝ፦

ተሼ፣ እኔ ያን ፊልም አይቼው አላውቅም። አንዱንም አላየሁም። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ሲያይ እኔ

መጣ